የዲፕስ ቀበቶዬ አሁን ተበጠሰ፣ ለቅዳሜ ምን ልግዛ?

የማራኪው (ማክሰኞ ማታ 2፡20)
ሰላም ለሁላችሁም። አስቸኳይ ነው። ዲፕስ (ፓራለል በሚባሉት ሁለት ትይዩ ብረቶች መሃል ራስን በእጅ ማውረድና ወደ ላይ መግፋት) እየሠራሁ ክብደት የማንጠለጥልበት ቀበቶዬ ተበጠሰ። ሦስተኛው ላይ ወደ ላይ ስገፋ ቷ ብሎ ለቀቀኝ። የተንጠለጠለው የክብደት ዲስክ ከጓደኛዬ እግር አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አረፈ። ወለሉ ተሰነጠቀ። እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ጠዋት ከባህር ዳር የሚመጡ ልጆች አሉ፤ በክብደት ዲፕስና ፑል አፕ (ብረት ይዞ ራስን ወደ ላይ መሳብ) አብረን ልንሠራ ተቀጣጥረናል። ሁለት ወር ተዘጋጅቼበታለሁ። ጎንደር ውስጥ ጥሩ ቀበቶ የት ይገኛል? ቆዳ ይሻላል ናይለን? እባካችሁ ቶሎ።

ቀሃ ዳር (2፡26)
እንኳን እግሩን አላገኘው! ቦርሳ ተጠቀም። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልለህ የተማሪ ቦርሳ ውስጥ ክተተው። ማንገቻውን ጥብቅ አድርግ። እኔ ስድስት ወር እንዲሁ ነው የሠራሁት።

የአዘዞው (2፡31)
ወዳጀ፣ ምኑ ነው የተበጠሰው? ጨርቁ ነው፣ ስፌቱ ነው፣ ሰንሰለቱ ነው? ስንት ኪሎ ነበር የተንጠለጠለው? ይህን ሳናውቅ ምን ብለን እንመልስልህ። ፎቶ አንሳና ላክ።

አንገረብ (2፡33)
ምን አስጨነቀህ፣ የእናትህን መቀነት ለምናት 😄 ልጅ አዝላበት ያልተበጠሰ፣ በዲስክ ይበጠሳል?

ጋሼ ፓራለል (2፡48)
ልጆቼ፣ ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቀበቶ ቀበቶ ከማለታችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው። ካሊስቴኒክስ (በገዛ ሰውነት ክብደት የሚሠራ ስፖርት) የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክ ነው፤ ካሎስ ውበት፣ ስቴኖስ ብርታት። ፓራለሉን ያስፋፋው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሉድቪግ ያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 በርሊን ዳር ሜዳ ላይ ወጣቶችን ሰብስቦ ማሠራት ጀመረ። በ1896ቱ የአቴንስ ኦሎምፒክ ፓራለል አንዱ ውድድር ነበር። በፓራለል ላይ የሚወዳደር ሰው ወገቡ ላይ ብረት አያንጠለጥልም። ሸክሙ የገዛ ሰውነቱ ነው። አንተስ ልጄ፣ ያለ ክብደት 15 ዲፕስ ሳትወዛወዝ፣ ክርንህ 90 ዲግሪ እስኪታጠፍ ወርደህ ሠርተሃል? ካልሠራህ ይህ የተበጠሰው ቀበቶ ባለውለታህ ነው።

የማራኪው (2፡57)
ጋሼ፣ ምክርዎን አከብራለሁ። ያለ ክብደት 22 ሠርቻለሁ። ቀበቶው ጥቁር ናይለን ነው፣ ባለ ሰንሰለት። ከአዲስ አበባ በስልክ አዝዤ ነው ያስመጣሁት፣ ስምንት ወር ሆነው። ሻጩ 100 ኪሎ ይችላል ብሎኝ ነበር። የተንጠለጠለው 25 ኪሎ ነው። ፎቶው ይኸው።

ጂም ቤት (3፡05)
እኔ ጋ ክብደት ሲነሳ ሆድ ላይ የሚታሰር ሰፊ የቆዳ ቀበቶ አለ። ና ውሰድ። ሰንሰለቱን በዘለበቱ አሳልፈህ አንጠልጥልበት።

ፊዚዮዋ (3፡12)
ይህን እንዳታደርግ ወንድሜ። ያ ቀበቶ የተሠራው ሆድህን ወጥረህ እንድትገፋበት ነው እንጂ ሸክም እንዲንጠለጠልበት አይደለም። ዘለበቱም ወደ ታች ለሚጎትት ክብደት አልታሰበም። የዲፕስ ቀበቶ ደግሞ ወገብ ላይ አይታሰርም። የዳሌ አጥንትህ ላይ ነው የሚቀመጠው። ወገብ ላይ ከታሰረ ሸክሙ ጎንህን እየቆረጠ ወደ ታች ይንሸራተታል።

ቀሃ ዳር (3፡15)
ቦርሳ አልኩ እኮ። ምንም ወጪ የለውም።

ፊዚዮዋ (3፡21)
ቦርሳ ለቀላል ክብደት ይሆናል። 25 ኪሎ ግን ማንገቻው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ዲፕስ ላይ አብዝቶ የሚለፋው ደግሞ ያው ትከሻ ነው። ፑል አፕ ላይ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ሁለት ወር ከእግሩ መሃል በሚንጠለጠል ዲስክ የተለማመደ ሰው ቅዳሜ ድንገት ሸክሙን ጀርባው ላይ ቢያዞር ሚዛኑ ይጠፋበታል።

ቆዳ ሰፊው (3፡40)
የማራኪው፣ አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ወስፌ ይዤ ነው ያደግሁት። ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። ቀበቶህ አልተበጠሰም። ናይለኑ ደህና ነው፣ ስፌቱም አልተነካም። የከዳህ የግራው ቀለበት ነው። ጠጋ ብለህ እየው። ብረቱ ተጠምዝዞ ጫፍ ለጫፍ ገጠመ እንጂ አልተበየደም። መጋጠሚያው ላይ ጥፍርህ ይገባል። በየልምምዱ ትንሽ ትንሽ ሲከፈት ኖሮ ዛሬ ሰንሰለቱ ሾልኮ ወጣ። በቅሎ ላይም እንዲሁ ነው። ጠፍሩ ቀርቶ ቀለበቱ ነው ሰው የሚጥለው።

ስለዚህ ለቅዳሜ አዲስ ቀበቶ አትግዛ። አዲስ ቀበቶ ዳሌህን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የቀኙ ቀለበት ደህና ቢመስልም ሁለቱንም ቀይር። ሁለት መንገድ አለህ።

አንደኛው በያጅ ጋ ሄደህ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብረት ሁለት ቀለበት ማሠራት ነው። ብየዳው ዙሪያውን የያዘ ይሁን፣ ከዚያ በሞረድ ይለስልስ። ሻካራ ከሆነ ናይለኑን እንደ መጋዝ ይበላዋል። አደራህን፣ ቀለበቱ ቀበቶው ላይ እንዳለ አታስበይደው! ናይለን በሙቀት ይቀልጣል። ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይደርቅና በኋላ ጉድ ይሠራሃል። መጀመሪያ ስፌቱ ይፈታ፣ ቀለበቱ ይግባ፣ ከዚያ ይሰፋ። አሰፋፉ አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ ላይ መስቀለኛ ያለው ይሁን። ክሩ የናይለን ይሁን፤ የጥጥ ክር በላብ ይበሰብሳል።

ሁለተኛው ይፈጥናል። የከባድ መኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሻክል አላቸው፤ ፈረስ ጫማ የመሰለ ብረት ሆኖ አፉ በቡሎን የሚዘጋ። ትንንሹን ሁለት ግዛ። በናይለኑ ቀለበት ማስገቢያ በኩል አሳልፈህ ቡሎኑን በፒንሳ አጥብቀው። ስፌት መፍታት የለም። ከመሥራትህ በፊት ሁልጊዜ ቡሎኑን በእጅህ ሞክረው፤ ይላላል።

የማራኪው (3፡52)
እግዜር ይስጥልኝ! እውነትህን ነው፣ ጥፍሬ ገባ። እኔ እኮ ቀበቶው ነው ብዬ ስንት ነገር አሰብኩ። ነገ ወጥቼ ሻክሉን እፈልጋለሁ። በኋላ ግን አዲስ መግዛቴ አይቀርም። ምን ልይ?

የአዘዞው (4፡03)
ሻጩ የሚልህን ኪሎ አትመን። 100 ኪሎ ይችላል ሲልህ ጨርቁን ነው ወይስ ቀለበቱን ብለህ ጠይቀው። ደግሞ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለውን መንጠቆ እየው። ቁልፍ ማንጠልጠያ የመሰለ ቀጭን መንጠቆ ካለው ከመግዛትህ በፊት ሌላ አስብ።

ቆዳ ሰፊው (4፡19)
ቆዳ ቅርጹን ይይዛል፣ ብዙም አይለጠጥም፣ እያደር ዳሌህን ይመስላል። ግን መጀመሪያ ደረቅ ነው፣ ላብም ይጎዳዋል። ከሠራህ በኋላ ጥረገው፣ ጥላ ላይ አድርቀው። ፀሐይ ላይ ከሰጣኸው ይሰነጠቃል። ናይለን ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እስፖንጅ የተሞላውን ለስላሳውን ለከባድ ክብደት አልወደውም፤ ይለጠጥና ይጣመማል። ከየትኛውም ቢሆን ከኋላ ሰፋ ያለውን ምረጥ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ። ጠባብ ከሆነ አጥንትህን ይበላሃል።

ልክህን በሱሪ ቁጥር አትውሰድ። ሜትሩን የዳሌ አጥንትህ ላይ አዙር። የቀበቶው ሁለት ጫፎች ከፊት ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ወደ አንድ ስንዝር ክፍተት ካለ ሰንሰለቱ ሲጎትት ቀበቶው ይጠብቃል። ጫፍ ለጫፍ ከገጠመ መጥበቂያ ያጣና ይንሸራተታል። ሰንሰለቱም አይርዘም። ስትቆም ዲስኩ ከጉልበትህ በላይ ይሁን፤ ወርዶ ከተንጠለጠለ እንደ ደወል ይወዛወዝብሃል።

ሌላ ልንገርህ። ከአሮጌ መኪና የወጣ የወንበር ቀበቶ ካገኘህ እሱን ለመሠረት እንሰፋልሃለን። ከሁለት ቶን በላይ እንዲሸከም የተሠራ ነገር ነው። ፀሐይ ያነጣውን ወይም ጠርዙ የተላገውን ግን አትውሰድ።

አንገረብ (4፡25)
ይኸው፣ እኔ መቀነት ብዬ ነበር! በእውነት ግን፣ ቀበቶው ከቆረጠህ ከሥሩ መቀነት ሁለት ዙር ጠምጥም። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፤ አጥንቴን አሳርፎልኛል።

ጋሼ ፓራለል (4፡40)
22 ካልክ እንግዲህ ተቀብያለሁ። ከመቼ ወዲህ ነው 25 የደረስከው?

የማራኪው (4፡44)
ከ5 ኪሎ ጀምሬ ነው ጋሼ። አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ። ከዚያ አሸዋ ሞላሁበት፤ ወፍጮ ቤት ወስጄ ሳስመዝነው 8 ኪሎ ሆነ። ዲስኮቹንም እዚያው ነው ያስመዘንኳቸው። በሲሚንቶ የተሠሩት 10 ተብለው 8 ተኩል የሚመጡ አሉ።

ጋሼ ፓራለል (4፡47)
ይህን ከሰማሁ አልሟገትህም። በርታ ልጄ።

ቆዳ ሰፊው (ረቡዕ ጠዋት 1፡15)
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ሻክሉን ካስገባህ በኋላ ወዲያው ዲስክ አታንጠልጥል። ቀበቶውን ፓራለሉ ላይ ጣል አድርገህ፣ ሰንሰለቱን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ፣ በሁለት እግርህ ቁምበት። ያንተን ክብደት ከቻለ 25 ኪሎ አያስፈራውም። ቆመህ ስትወዛወዝ ጆሮህን ስጠው። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ ውረድ። ጓደኛህም ሁለተኛ ከሥርህ አይቁም።

ጂም ቤት (ረቡዕ 3፡30)
የእኔን ቀበቶ ሐሳብ ተውት፣ ገብቶኛል። 20 ኪሎ ዲስክ ግን ለቅዳሜ ማዋስ እችላለሁ።

የአዘዞው (ዓርብ ማታ 1፡10)
የማራኪው፣ ሻክሉ ተገኘ? እኔም ነገ መጥቼ ላያችሁ አስቤ ነበር። ስንት ሰዓት ነው?

ቆዳ ሰፊው (ዓርብ ማታ 2፡35)
ቡሎኑ የገባበትን በኩል ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ሳላየው አታንጠልጥል። እስከ አምስት ሰዓት አልተኛም።