በባዶ ሆድ 112 ወጣብኝ፣ መድኃኒት አያስፈልግም ተባልኩ፣ ከየት ልጀምር?

ባለሱቁ ከሂርማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ሱቅ አለኝ፣ 54 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ነገር ሄጄ ደም ሲያዩኝ ስኳሬ በባዶ ሆድ 112 ሆነ። ያየኝ ልጅ «ገና ነው፣ መድኃኒት አያስፈልግዎትም፣ ጣፋጭ ይቀንሱ» ብሎ ሸኘኝ፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፣ እናቴን በስኳር ነው ያጣኋት፣ እግሯ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ናት አልድን ብላ የጨረሰቻት።

የሚመክረኝ ሰው ብዙ ነው፣ አንዱ እንጀራ ተው ይላል፣ አንዱ ሽፈራው ቀቅለህ ጠጣ፣ አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ ስኳሩን ትተህ በማር አድርገው አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል፣ ከአቦል እስከ በረካ እጠጣለሁ፣ በስኳር። ወፍራም አይደለሁም፣ ክንዴና እግሬ እንደውም ከስተዋል፣ ሆዴ ብቻ ነው የወጣው። ዕድሜ ሲገፋ ስኳር የሚጨምረው ለምንድነው? የቱን ልያዝ?

ነርሷ

ጋሼ፣ አይደንግጡ፣ ግን ችላም እንዳይሉት። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤነኛ ነው፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፣ 126ና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከታየ ነው ስኳር በሽታ የሚባለው። አንዴ ስለወጣ ብቻ አይበቃም፣ ይድገሙትና ኤችቢኤዋንሲም ይሥሩልኝ ይበሉ፣ እሱ የ3 ወር ያህሉን የደም ስኳር አማካይ ነው የሚያሳየው፣ 5.7 እስከ 6.4 ከሆነ ያው ቅድመ ስኳር ነው።

ለምን ይጨምራል ላሉት መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው፣ ዕድሜ ሲሄድ ደግሞ ካልሠራንበት ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ በበኩሉ ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ለሚያስወጣው ሆርሞን፣ እንዳይታዘዝ ያደርጋል፣ ያኔ ጉበት ሌሊቱን ከልክ በላይ ስኳር ይለቃል፣ ጠዋት ሳይበሉ የሚለኩት ቁጥር ከፍ የሚለው ለዛ ነው። ስለዚህ ስኳር መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ለስኳሩ ማደሪያ ማዘጋጀትም ነው። እግር ሲንቀሳቀስ ጡንቻው ብዙ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳሩን ይስባል፣ ከራት በኋላ 15 ደቂቃ ይራመዱ። ሱቅ ውስጥም ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ ሳይደገፉ፣ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ። አሜሪካ ውስጥ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ከ3000 በላይ ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ክብደት ትንሽ የቀነሱና በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት ወደ ስኳር በሽታ የመሄድ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ላይ 31 ነበር፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ ደግሞ እንቅስቃሴውና አመጋገቡ እስከ 71 ደረሰ። ለትልልቅ ሰዎች አልረፈደም የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

የቆጪዋ

ወንድሜ፣ እኔ ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመቴ ነው፣ ከቡናው ጀምር። አንድ ሲኒ ላይ ሁለት የሻይ ማንኪያ ብታደርግ 8 ግራም ገደማ ነው፣ አቦል ቶና በረካ 24፣ በቀን ሁለቴ 48፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ከ25 ግራም ባይበልጥ የሚለውን በቡና ብቻ አለፍከው ማለት ነው። ማሩም ያው ስኳር ነው፣ የጅማ ማር ብትለውም። እኔ በአንዴ አልተውኩም፣ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ፣ አሁን በስኳር ከሰጡኝ አልጠጣውም።

እንጀራ መተው አያስፈልግህም፣ መጠኑንና አብሮት የሚመጣውን እይ። እኔ መለኪያ ማሽን ገዝቼ ነው የገባኝ፣ ሁለት እንጀራ በሽሮ በልቼ ከ2 ሰዓት በኋላ ለካሁ፣ 214። ሌላ ቀን መጀመሪያ ጎመኑን በላሁ፣ ከዛ አንድ እንጀራ በወፍራም ምስር፣ 161። ጣቴን ይዤ ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ሽፈራው ብትወድ ጠጣ፣ ግን በሱ ተማምነህ ምርመራ እንዳትተው።

የመንጠናው

የጋሼን ጉዳይ በቀጥታ አይነካም፣ ግን ኪኒን ላይ ያሉ አዛውንት ቤታችሁ ካሉ ስሙኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን እየወሰደች ረመዳንን ጾመች፣ ማንም አልነገረንም። አስር ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆና እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስሜን ስታጣው ማሽኑን አመጣሁ፣ 52! ከ70 በታች አደጋ ነው። አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ 88 ገባ። ሐኪሟ በኋላ መድኃኒቱን ቀየረላት። ከጾም በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ዝቅ ማለቱ ከፍ ከማለቱ በላይ በደቂቃ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ባለሱቁ ከሂርማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ኤችቢኤዋንሲው 6.0 ሆኗል፣ ነርሷ ካለችው ጋር የሚሄድ ነው። ባለቤቴ ረከቦቱ ላይ የስኳር ዕቃውን ማስቀመጥ ትታለች፣ የፈለገ ይጠይቅ ብላ፣ እኔ አንድ ማንኪያ ላይ ደርሻለሁ። ማታ ከራት በኋላ እስከ አዌቱ ድልድይ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ጠዋት ዛሬ 104 ሆነ። አሁን የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ማታ ማታ ወዴት ልሂድ?

የቆጪዋ

እኔ በረንዳው ላይ ነው ወዲህ ወዲያ የምለው፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ዜናው እስኪያልቅ።