ሰፊ የማኅበራዊ ቤት የያዙ ተከራዮች ወደ አነስተኛ ቤት እንዲዛወሩ ማበረታቻ ገንዘብ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከ«ቤት ደልዳይ»

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በማኅበራዊ ቤቶች፣ ማለትም ለችግረኞች በዝቅተኛ ኪራይ በሚሰጡ ቤቶች፣ አስተዳደር ውስጥ ነው። በአንድ በኩል ልጆቻቸው አድገው ከወጡ በኋላ ባለ ሦስትና ባለ አራት መኝታ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ ተከራዮች አሉን፤ በሌላ በኩል አምስትና ስድስት ሆነው በአንድ መኝታ ክፍል የተፋፈጉ ቤተሰቦች ለዓመታት ተራ እየጠበቁ ነው። ትልልቅ ቤቶችን እንደ አዲስ መገንባት ውድም አዝጋሚም በመሆኑ፣ ያሉትን ቤቶች የምናደላድልበትን መንገድ የሚያሳይ ረቂቅ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። እኔ ያሰብኩት ለሚለቀቀው ለእያንዳንዱ መኝታ ክፍል የማበረታቻ ገንዘብ እንዲከፈል ነው። ከባልደረቦቼ መካከል ግን «ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ በትርፍ ክፍል ላይ ተጨማሪ ክፍያ ብንጥል ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። ባለፈው ዓመት ለተከራዮቹ ደብዳቤ ልከን መልስ የሰጡን በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ የተሰጣቸውን ቤት ካዩ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወይም ራሳችሁ ተከራይ የሆናችሁ፣ ሰውን በፈቃዱ የሚያዛውረው ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«የቁልፍ መዝገብ»

መልሱ በጥያቄዎ ውስጥ አለ፤ ተከራዮቹ ሐሳባቸውን የቀየሩት ገንዘቡን ሰምተው ሳይሆን ቤቱን አይተው ነው። ለረጅም ዓመታት ቤት በማደል ሥራ ላይ ስለነበርኩ ምን ዓይነት ቤት እንዳሳያችኋቸው ለመገመት አልቸገርም። ለብቻዋ የምትኖር ሴት የሚገባት አንድ መኝታ ክፍል ነው ተብሎ በደንባችሁ ላይ ስለተጻፈ፣ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ምናልባትም ከምታውቀው ሰፈር ውጭ፣ ቀርቦላት ይሆናል። እርሷ ግን ቤት የሚያስለቅቃት የለም። ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቸግራ አልመጣችም፤ እናንተ ናችሁ ለምናችሁ የጠራችኋት። ስለዚህ የሚቀርብላት ቤት ካላት ቤት ቢያንስ በአንድ ነገር መብለጥ አለበት፦ ደረጃ የሌለው፣ ለማሞቅ የሚቀል፣ ለሐኪም ቤት የሚቀርብ ወይም ለልጇ ቤት የሚቀርብ።

ከደንቡ ውስጥ በመጀመሪያ እንዲሻሻል የምመክረው ይህንኑ የክፍል ቁጥር ነው። ባለ አራት መኝታ ቤት ለሚለቅ ሰው ባለ ሁለት መኝታ ይፈቀድለት። በወረቀት ላይ አሁንም አንድ ትርፍ ክፍል ይዟል፤ ነገር ግን ሁለት ክፍሎችን ለቅቋል። አንድ ብቻ ነው የሚገባህ ብለን ስንጸና አራቱንም ይዞ ይቀመጣል። የተለቀቀው ቤት ደግሞ አንድን ቤተሰብ ብቻ አይጠቅምም፤ በባለ ሁለት መኝታ ቤት የተጨናነቀው ቤተሰብ ወደ ባለ አራቱ ቢገባ፣ የእርሱ ቤት በአንድ ክፍል ለሚኖሩት ይደርሳል፣ የእነርሱም ቤት ከተራ መዝገቡ ላይ ለአንድ ሰው ይተርፋል። ረቂቅዎ የዚህን ሰንሰለት ስሌት ቢያሳይ ገንዘብ ያዢዎቹን ከማናቸውም ልመና የበለጠ ያሳምናቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኪራዩ ነው። አዲስ የተሠራው ትንሽ ቤት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተያዘው ትልቅ ቤት የበለጠ የሚከራይበት ጊዜ ብዙ ነው። ትንሽ ቤት ገብተህ ብዙ ክፈል የሚባል ሰው ቢቀልዱበት እንጂ ቢያከብሩት አይመስለውም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ አዲሱ ኪራይ ከቀድሞው እንዳይበልጥ ለማኅበራዊ ቤት ተከራዮች ደንግጋለች፤ እናንተም ይህን በደንባችሁ ብታስገቡት ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ ማለት ነው። የተከራይነቱም መብት እንደነበረ መቀጠሉ በጽሑፍ ይረጋገጥላቸው፤ የዕድሜ ልክ ውል የነበረው ሰው የጥቂት ዓመታት ውል ሲቀርብለት ከመነሻው አይንቀሳቀስም።

ገንዘቡ ይቅር ማለቴ አይደለም። የመጓጓዣውን፣ የመጋረጃውንና የምንጣፉን ወጪ መሸፈን አለበት፤ ሊዛወር የተዘጋጀን ሰው ያግዛል፣ ያልተዘጋጀውን ግን አያነሣም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ውዝፍ ኪራይ ያለበትን ሰው ውዝፉን ሳትከፍል አትዛወርም የሚል ደንብ ካላችሁ፣ ሰፊው ቤት ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ተከራይ እዚያው ነው የምትዘጉበት። ውዝፉ ከማበረታቻው ላይ ይቀነስ።

መልስ፦ ከ«ቀመር»

ቅጣት ይፈጥናል ለሚሉት ባልደረቦችዎ የብሪታንያን ምሳሌ ያሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ያሉና የኪራይ ድጎማ የሚያገኙ የማኅበራዊ ቤት ተከራዮች፣ ለአንድ ትርፍ መኝታ ክፍል ለድጎማ ከሚታሰብላቸው ኪራይ 14 በመቶ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 25 በመቶ ይቀነስባቸው ጀመር። ሕዝቡ «የመኝታ ቤት ግብር» አለው። መንግሥት ራሱ ባሠራው ግምገማ መሠረት፣ ቅናሹ ከነካቸው ተከራዮች መካከል በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በማኅበራዊ ቤቶች ውስጥ ወደ አነስተኛ ቤት የተዛወሩት 4.5 በመቶ ያህል ነበሩ። የቀሩት አብዛኞቹ ከሌላ ወጪያቸው ቀንሰው ከፈሉ ወይም ውዝፍ ውስጥ ገቡ። ሰዎቹ እምቢተኞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ በብዙ አካባቢዎች ለቤተሰብ ተብለው የተሠሩ ቤቶች እንጂ ባለ አንድ መኝታ ቤቶች በቂ አልነበሩም። መውጫ በሌለበት በር ላይ ቅጣት መጣል ገቢ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ቤት አያስለቅቅም። የስኮትላንድ መንግሥትም ቅናሹን በራሱ በጀት እየሸፈነ ተከራዮቹን ሲያካክስ ቆይቷል።

የሚያስገርመው፣ የጡረታ ዕድሜ የደረሱት ከዚህ ቅናሽ ነፃ መሆናቸው ነው። ልጆቻቸው የወጡላቸውና ሰፊ ቤት ይዘው የቀሩት በብዛት እነርሱ ስለሆኑ፣ ቅጣቱ ቤቱን ሊያስለቅቅ የሚችልበትን ቦታ ስቶ አረፈ። ለአዛውንቶቹ ያሉት በፈቃድ የሚሠሩ መንገዶች ናቸው፤ ለምሳሌ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የለንደን ማኅበራዊ ቤት ተከራዮች ከከተማው ወጥተው ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ገጠር የሚዛወሩበት መርሐ ግብር አለ።

ረቂቅዎን ከመጻፍዎ በፊት «ትርፍ» ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ይበይኑ። እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት የቤቶች ጥናት አንድ ቤት ከነዋሪው በላይ ሰፊ ነው የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ትርፍ መኝታ ሲኖረው ሲሆን፣ የድጎማ ቅነሳው ግን በአንዱ ክፍል ይጀምራል። በዚያው ጥናት መለኪያ በራሳቸው ቤት ከሚኖሩት ግማሽ ያህሉ ሰፊ ቤት ሲኖራቸው፣ ከማኅበራዊ ቤት ተከራዮች መካከል ግን ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ተከራዩ ይህን ባያነብም ይሰማዋል፤ ለምን እኔ ብቻ ብሎ ይጠይቃል።

መልስ፦ ከ«አሮጌው በር»

እኔ ሠላሳ ዓመት ከኖርኩበት ባለ ሦስት መኝታ ቤት በቅርቡ የተዛወርኩ ነኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርሰኝ «ሁለት ትርፍ ክፍሎች ይዘዋል» ይል ነበር። ከሁለቱ አንዱ የልጅ ልጆቼ የሚያድሩበት፣ ሁለተኛው ባለቤቴ ታሞ በነበረበት ጊዜ እኔ የተኛሁበት ነው፤ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ሠራተኛ ራሷ ቤቴ መጥታ ተቀመጠች። ስለ ትርፍ ክፍል አልተናገረችም፤ ደረጃውን እንዴት እንደምወጣ ነው የጠየቀችኝ። ዕውነቱን ነገርኳት፣ ገላዬን ለመታጠብ ፎቅ መውጣት ካቆምኩ ሰነባብቼ ነበር።

በዚያው ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ የምድር ቤት እስኪገኝ አሥራ አንድ ወር ጠበቅሁ። ሁለት ጊዜ አየሁት፣ አንድ ጊዜ ከልጄ ጋር። አልፈልግም ብል ምንም እንደማላጣ ስለተነገረኝ ነው የፈለግሁት ይመስለኛል። ዕቃውን የሚያሸክምልኝ፣ መብራቱን የሚያዛውርልኝ፣ መደርደሪያውን የሚመታልኝ ሰው ተላከልኝ። የተሰጠኝ ገንዘብ ምን ያህል እንደነበር ዛሬ ብጠየቅ አላስታውስም፤ መደርደሪያውን ግን አስታውሳለሁ።

ጠያቂው፦ «ቤት ደልዳይ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለብቸኛ ሰው ስንሰጥ ተራ የሚጠብቁት ቤተሰቦች ተቀደምን ቢሉ ምን እመልሳለሁ?

መልስ፦ ከ«የቁልፍ መዝገብ»

ቅሬታው ይመጣል፣ አይሸሹት። ነገር ግን ሴትዮዋ ከተራው ላይ ቤት አልወሰደችም፤ ትልቁን ሰጥታ ትንሹን ነው የተቀበለችው። በየሩብ ዓመቱ ስንት ትልልቅ ቤት እንደተለቀቀና በእነዚያ ስንት ተጨናንቆ የኖረ ቤተሰብ እንደገባ ስም ሳይጠቀስ ለተራ ጠባቂዎቹ ይለጠፍ። እኛ ዘንድ ይህ ከተጀመረ በኋላ ቅሬታው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም፣ «አሮጊቷ ለምን ሁለት ክፍል አገኘች» የሚለው ጥያቄ «ቀጣዩ ባለ አራት መኝታ መቼ ይለቀቃል» ወደሚለው ተቀይሯል።