ከድራኩላ ሌላ አስፈሪ ልቦለድ ጠቁሙኝ

ሰላም ወገኖች፣ ደሴ ነኝ፣ የሚያስፈራ ልቦለድ አጥቼ ተቸግሬያለሁ። ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ ስጠይቅ የሚያወጡልኝ ወይ የስለላ ነው ወይ የፍቅር። የ1818ቱን ፍራንከንስታይንንም የ1897ቱን ድራኩላንም ጨርሻለሁ፣ የስቲቨን ኪንግንም ታዋቂዎቹን አንብቤያለሁ፣ እነሱን አትንገሩኝ በናታችሁ። ደም የበዛበት አይመቸኝም። እኔ የምወደው እንደ ሸርሊ ጃክሰን የ1959 የሂል ሃውስ ታሪክ ዓይነት ነው፣ ችግሩ ቤቱ ነው ወይስ ሴትየዋ ራሷ እያላችሁ እስከ መጨረሻው የምትጠራጠሩበት። በአማርኛ ከተገኘማ እሰየው! ቡዳና ዛር እየሰማን አድገን እንዴት አንድ ደህና የሚያስፈራ መጽሐፍ እናጣለን? (ወይ እኔ ነኝ ፍለጋ የማላውቀው።) አጭር ልቦለድም ይሁን፣ እንግሊዝኛም አነባለሁ። ርዕሱንና ደራሲውን ብቻ ጻፉልኝ፣ ኮምቦልቻ ሆኖ የሚያውሰኝ ካለም እወርዳለሁ።