ከምንጭ ኮድ የጫንኩት ኦፕንኤስኤስኤል አሮጌውን ላይብረሪ ይጠራል
ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ ኦፕንኤስኤስኤል 3.2ን (ግንኙነትን የሚያመሰጥር ሶፍትዌር ነው) ከምንጭ ኮዱ ገንብቼ ጫንኩ። ግንባታውም ሆነ ፍተሻው ያለ አንዳች ስሕተት አለቀ። ፕሮግራሙን ሳስነሳ ግን ከሥርዓቱ ጋር የመጣውን 3.0.2 ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የኮድ ፋይል) ይጠራና «ኦፕንኤስኤስኤል 3.2.0 የሚለው ስሪት አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። አዲሶቹ ፋይሎች የተቀመጡት «ሊብ» ውስጥ ሳይሆን «ሊብ64» በሚባለው ማውጫ ውስጥ ነው፤ የአሮጌውና የአዲሱ ላይብረሪ ፋይል ስም ደግሞ አንድ ነው። የመምታታቱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል። የላይብረሪዎችን ዝርዝር የሚያድሰውን «ኤልዲኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ባስኬድም ለውጥ የለም።

አሮጌውን ፈጽሞ መሰረዝ አልፈልግም፤ የርቀት መግቢያውን ጨምሮ ብዙ ፕሮግራሞች በእርሱ ላይ ተደግፈዋል። ታዲያ አዲሱን ማውጫ ለሥርዓቱ በሙሉ ላስተዋውቅ ወይስ የማውጫውን አድራሻ በግንባታ ጊዜ ፕሮግራሙ ውስጥ ላስገባ? ሁለተኛው ከተሻለ፣ የማዋቀሪያው ትእዛዝ ላይ ምን ልጨምር? እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ፤ ሥራዬ ቆሟል።