ክርክር፦ የወሎ ማሽላ በዲኤንኤ ይመዝገብ ወይስ ይቅር?

የቃሉ ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። የገበሬውን የማሽላ ዘር በዲኤንኤ ምልክት እንመዝግበው ወይስ በስሙ ብቻ ይቀጥል? እኔ ይመዝገብ ባይ ነኝ። ስም ያሳስታል። አንዱ ዘር ቃሉ ላይ በአንድ ስም፣ አምባሰል ላይ በሌላ ሊጠራ ይችላል። የዘሩን መረጃ በያዘው ዲኤንኤ ውስጥ ግን ጥቂት ፊደላት ተያይዘው እየተደጋገሙ የሚመጡባቸው ቦታዎች አሉ፤ ማይክሮሳተላይት ይባላሉ። ለምሳሌ አንዱ ዘር «ጂኤ»ን 12 ጊዜ ቢደጋግም፣ ሌላው እዚያው ቦታ ላይ 19 ጊዜ ሊደጋግም ይችላል። ሴሉ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ድግግሞሹ ላይ ይንሸራተትና ቁጥሩ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ብዙ ቦታ ላይ ቆጥረን ስናነጻጽር ማን ከማን እንደሚዛመድ ይለያል።

የአምባሰል ሰው፦ እኔ አልስማማም ወንድሜ። ጤፋችንን ረሳችሁት እንዴ? አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አውጥቶበት ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የማሽላችን ዳታ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ማን ይመልሰዋል?

የሐይቋ፦ ስጋትህ ይገባኛል። ግን ሳይመዘገብስ መች ቀረ? ወተት በጉንጬን እዩት። ገበሬው እሸቱን ጠብሶ ሲበላው የኖረ ማሽላ ነው። ሲደርቅ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ምርቱም ያንሳል፤ ለጣዕሙ ሲል ግን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት እንዳለው ጻፉ። ያቆየው ገበሬ ስሙ የት አለ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ከምልክቱም ብዙ አትጠብቁ። እነዚህ ድግግሞሾች አብዛኞቹ ከጂን፣ ማለትም የዘሩን ጠባይ ከሚወስነው የዲኤንኤ ክፍል፣ ውጪ ያሉ ናቸው። ዝምድናን ያሳያሉ እንጂ ጣዕሙን ወይም ድርቅ መቋቋሙን አይነግሯችሁም። ማሽላ ደግሞ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ከጎረቤት ማሳም ይዳቀላል። ከአንድ ራስ ናሙና ወስዶ «የአምባሰል ዘር ይሄ ነው» ማለት አይቻልም። ከብዙ ማሳ መሰብሰብ አለበት፤ ገበሬው የሚያውቀውም አብሮ ይጻፍ።

የቃሉ ልጅ፦ እሱማ ልክ ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998ም እኮ ማኅበረሰቡ አስቀድሞ እንዲፈቅድና ከጥቅሙ እንዲካፈል ይላል። በዚያው እንሂድ።

የአምባሰል ሰው፦ ወረቀት ላይማ አለ። እኔ የምለው፣ ፈቃዱ በቀበሌ ስብሰባ ይነበብ፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥ ይነገረን፣ ጥቅም ቢገኝ ለማን እንደሚደርስ ይጻፍ። ከዚያ በፊት አንድ ራስ ማሽላ ከማሳዬ አይወጣም።