ሙድል በሰብዶሜን ላይ አልከፍት አለኝ፣ የገባው ሰው ካለ

የቱሉ ዲምቱ መምህር፣ ሐሙስ ማታ 3:10

ሰላም ወገኖች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ትንሽ የማስጠኛ ቤት አለን። ፊዚክስና ሒሳብ ነው፣ አብዛኞቹ ልጆች 12ኛ ክፍል ናቸው። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ ልጆቹ ስክሪን ላይ መፈተን እንዲለምዱ እፈልጋለሁ። ወረቀት ላይ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ማውዝ ሲይዝ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከራሴ አልወጣም።

ቤታችን በዎርድፕረስ የተሠራ ዌብሳይት አለው። ከእሱ ጋር እንዳይደባለቅ ብዬ ለብቻው ሰብዶሜን (በዌብሳይቱ አድራሻ ፊት ሌላ ስም ተጨምሮ የሚሠራ አድራሻ) ፈጠርኩና ሙድል 4.5ን (ትምህርትና ፈተና በኢንተርኔት የሚሰጥበትን ሶፍትዌር) ጫንኩ። ሰብዶሜኑ አልከፍት ሲለኝ ሆስቲንጉ (ሳይታችንን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጥልን ድርጅት) በሰጠኝ ጊዜያዊ አድራሻ ገብቼ ጭነቱን ጨረስኩት፣ በዚያ አድራሻ አሁንም ይሠራል። በሰብዶሜኑ ግን በስልክም በኮምፒውተርም ብሞክር ሳይቱ አልተገኘም ነው የሚለው። ሦስት ቀን ሆነው። ዲኤንኤስ (የሳይቱን ስም ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ) እስኪዳረስ ጠብቅ ይሉኛል። ኤስኤስኤሉም (ሳይቱን በኤችቲቲፒኤስ የሚያስከፍተው ሰርተፍኬት) አልወጣ ብሏል።

ሌላም አለ። 140 ተማሪዎችን በሲኤስቪ ፋይል (በኮማ በተለያየ የስም ዝርዝር) አስገብቼ የይለፍ ቃል በኢሜይል ይላክላቸው ብዬ ነበር፣ ለአንዳቸውም አልደረሰም። በአማርኛ የጻፍኩት ስማቸውም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሰርቨር ጠባቂ፣ ሐሙስ ማታ 3:42

ወንድሜ፣ ሦስት ቀን ካለፈው ከዚህ በኋላ መጠበቅ ዋጋ የለውም። አዲስ የተጨመረ ሪከርድ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይታያል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የዶሜንህ ኔምሰርቨር፣ ማለትም የዲኤንኤስ መዝገቡን የሚይዘው ሰርቨር፣ የማን ነው? የሆስቲንጉ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ነው የሚያመለክተው? ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲፓናል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ ሰብዶሜን ስትፈጥር ሪከርዱን የሚጽፈው ራሱ ሰርቨሩ ላይ ባለው ዞን (የሪከርዶች ዝርዝር) ውስጥ ነው። ኔምሰርቨሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ያንን ዞን ዓለም ላይ ማንም አያየውም።

የቱሉ ዲምቱ መምህር፣ ሐሙስ ማታ 4:05

አሁን አየሁት፣ ክላውድፍሌር የሚባለው የዲኤንኤስ አገልግሎት ነው የሚለው። ዌብሳይቱን የሠራልን ልጅ ነው ያኔ ያዞረው። የመግቢያ ኢሜይሉ እኔ ጋ አለ።

ሰርቨር ጠባቂ፣ ሐሙስ ማታ 4:31

በቃ ችግሩ እሱ ነው። ክላውድፍሌር ውስጥ ግባና ለሰብዶሜኑ አንድ ኤ ሪከርድ (ስሙን ወደ ሰርቨሩ የሚያመለክት መስመር) ጨምር፣ የሰርቨሩን አይፒ ቁጥር ስጠው። ከሪከርዱ አጠገብ ያለችውን የደመና ምልክት ለጊዜው ግራጫ አድርጋት፣ ማለትም ዲኤንኤስ ብቻ ይሁን። ኤስኤስኤሉ እምቢ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው አካል አድራሻውን ፈልጎ ካላገኘው አይሰጥም። ሪከርዱ መታየት ሲጀምር ሲፓናል ላይ አውቶኤስኤስኤልን (ሰርተፍኬቱን በራሱ የሚያወጣውን) እንደገና አስነሳው። በኋላ ደመናዋን ብርቱካናማ ካደረግካት፣ ማለትም ሁሉም ነገር በክላውድፍሌር በኩል እንዲያልፍ ካደረግክ፣ በነጻው ፓኬጅ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል በአንዴ መጫን እንደማይቻል እወቅ።

ይሄ ሲስተካከል ግን ሌላ ችግር ይገጥምሃል፣ ከአሁኑ ልንገርህ። በጊዜያዊው አድራሻ ስለጫንከው ሙድል አድራሻዬ ያ ነው ብሎ ይዞታል። ሰብዶሜኑን ስትከፍት ወደዚያው ይመልስሃል። ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል ክፈትና የሳይቱ አድራሻ ያለበትን መስመር ከኤችቲቲፒኤስ ጋር በሰብዶሜኑ ተካው። መጨረሻው ላይ እዝባር (/) እንዳታደርግ።

አሁን ደግሞ ዋናው። ሙድልዳታ የሚባለውን ፎልደር የት ነው ያስቀመጥከው? ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል (ለሁሉም ክፍት የሆነው የሳይቱ ፎልደር) ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ አውጣው። የልጆቹ የቤት ሥራና ባክአፕ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ከብሮውዘር የሚደረስበት ቦታ ላይ መሆን የለበትም። ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ጎን አድርገውና አዲሱን መንገድ እዚያው ኮንፊግ ላይ ጻፍ። የሰብዶሜኑንም ፎልደር ከዎርድፕረሱ ፎልደር ውጪ ብታደርገው ይሻላል፣ የዎርድፕረስ ኤችቲአክሰስ (ለሰርቨሩ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፋይል) ሕግ ወደታች ወርዶ ያለቦታው ሊገባብህ ይችላል። 4.5 መምረጥህ ጥሩ ነው፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ነው፣ የደህንነት ማስተካከያ እስከ ኦክቶበር 2027 ድረስ ይወጣለታል። ከ5.1 ወዲህ ያለውን ብትጭን ኖሮ ሰብዶሜኑ ማመልከት የነበረበት ውስጡ ወዳለው ፐብሊክ ወደሚባለው ፎልደር ነበር።

የለገጣፎ አስጠኚ፣ ዓርብ ጠዋት 1:50

እኔም ለገጣፎ በኩል አስጠናለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት በቴሌግራም ቻናልና በጉግል ክላስሩም ነው፣ ሰርቨር የለ፣ ክሮን (ሰርቨሩ ላይ በየጊዜው በራሱ የሚነሳ ሥራ) የለ። ልጆቹ ቴሌግራምን ያውቁታል፣ ዳታም ብዙ አይበላባቸውም። ለ140 ልጅ ይሄን ሁሉ መድከም ለምን አስፈለገ? ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም፣ ጊዜህን ለማስተማር ብታውለው ብዬ ነው።

የቱሉ ዲምቱ መምህር፣ ዓርብ ጠዋት 2:15

እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ኖት ለመላክ ከቴሌግራም የሚሻል የለም፣ እሱን አልተውም። እኔ የምፈልገው ግን ጥያቄ በጥያቄ ማየት ነው። ሰማንያ ልጅ ተፈትኖ ስልሳው ፕሮጀክታይል (የተወረወረ ነገር እንቅስቃሴ) ላይ ከወደቀ ጥፋቱ የእኔ አስተማመር ነው፣ ያንን በማግስቱ ማወቅ አለብኝ። ሙድል የጥያቄ ባንክ አለው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ጥያቄውን ቀላቅሎ ያወጣል፣ የትኛው ጥያቄ ስንቱን እንደጣለም ያሳየኛል። ሰዓት ቆጥሮ የሚዘጋ ፈተናም እፈልጋለሁ።

የቂሊንጦ ልጅ፣ ዓርብ ቀን 7:20

መምህር ሰላም ነዎት? እኔም እዚያው ሰፈር ነኝ። ስለ ኢሜይሉ ልመልስልዎት። በሲኤስቪ ሲያስገቡ የይለፍ ቃል ፍጠርና ላክ ካሉት ሙድል ወዲያው አይልክም፣ ክሮን ሲነሳ ነው የሚልከው። ሲፓናል ላይ ክሮን ጆብ ካልከፈቱ ምንም አይሄድም። በየደቂቃው እንዲነሳ ነው የሚመከረው፣ ሆስቲንጉ ካልፈቀደ በየአምስት ደቂቃው ያድርጉት። ሰዓቱ አልቆበት ገጹ ላይ የሌለ ተማሪ ካለ የእሱን ፈተና የሚያስረክበውም ክሮኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ኢሜይሉን ይተዉት። ከልጆቹ ስንቱ ነው ኢሜይሉን የሚከፍተው? የይለፍ ቃሉን ራሱ ሲኤስቪው ውስጥ ይጻፉት፣ በወረቀት ቆራርጠው ይስጧቸው፣ መጀመሪያ ሲገቡ እንዲቀይሩ ያስገድዷቸው። የጥያቄ ምልክቱ የመጣው ኤክሴል ሲያስቀምጥ ነው፣ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን መርጠው እንደገና ያስቀምጡት። ስማቸው በአማርኛ መሆን ይችላል፣ የመግቢያ ስማቸው ግን በላቲን ትንንሽ ፊደል ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ እባክዎ እንዳይረሱ። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ ያድርጉት፣ ቢያደርጉትም ሙድል የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፈተናው በ8:00 ይከፈታል የሚል ካዩ ግማሾቹ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው ብለው ይቀራሉ። መግለጫው ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብለው በአማርኛ ይጻፉት፣ ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር። ጋራ ሆስቲንግ (አንዱን ሰርቨር ብዙ ሳይት የሚጋራበት) ላይ ስለሆኑ ደግሞ 140ውን ባንዴ አያስፈትኑ። በቡድን ከፍለው በግሩፕ ኦቨርራይድ (ለአንድ ቡድን የተለየ ሰዓት መስጫ) የየቡድኑን መክፈቻ ሰዓት ይለያዩት።

የሙድልን የስልክ አፕ ካሰቡም፣ ኖት ማዕከሉ ውስጥ በዋይፋይ አውርደው ቤታቸው ያለ ዳታ ማንበብ ይችላሉ። ያለ ኢንተርኔት ፈተና መሥራትም አለው፣ ግን ሰዓት ገደብ ያለበትን ፈተና አይቀበልም። እሱን ለመለማመጃ ብቻ ያድርጉት። ካስቸገረዎት ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፣ መጥቼ አብረን እናየዋለን።

የቱሉ ዲምቱ መምህር፣ እሑድ ማታ 2:30

ሁላችሁም ተባረኩ። ኤ ሪከርዱን በጨመርኩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰብዶሜኑ ከፈተ፣ ኤስኤስኤሉም ወጣ። ሙድልዳታው እንደተባለው ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ነበር፣ አውጥቼዋለሁ። የቂሊንጦው ወንድሜ ቅዳሜ መጥቶ ክሮኑን አብረን አስተካከልን፣ ቡና እንኳን በግድ ነው የጠጣልኝ።

ዛሬ አሥራ ሁለት ልጆችን በሙከራ ፈተንኩ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ድርግም አሉ፣ አንዷ ልጅ ልታለቅስ ደረሰች። ሙድል መልሱን በየደቂቃው ራሱ እንደሚያስቀምጥ አላውቅም ነበር። መብራቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ የሁሉም መልስ እንዳለ ነው የተገኘው፣ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አላቆመም ነበር፣ ስለዚህ ለአሥራ ሁለቱም ሃያ ሃያ ደቂቃ ጨመርኩላቸው። ልጅቷ 17 ከ20 አምጥታለች።

ከሦስቱ ስህተቷ ሁለቱ ፕሮጀክታይል ላይ ነው። ነገ እሱን እንደገና አስተምራለሁ።