በተግባር ልምምድ ላይ ሆኜ ሥራውን በእጄ መንካት አልቻልኩም፤ ምክራችሁን እሻለሁ

በአዳማ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ለልምምድ የተመደብኩት በከተማችን በሚገኝ የአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። ስድስት ሳምንት ቢያልፍም እስካሁን የሠራሁት የመለዋወጫ መዝገብ መገልበጥ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የፓምፕ ሞተር አልነሳ ብሎ ቴክኒሻኑ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ሲከፍቱ ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ ኮንታክተሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ጠቅ ይልና ወዲያው ይለቃል። የስታር ዴልታ አነሳስ (የሞተሩ ጥቅል ሽቦዎች መጀመሪያ በስታር፣ ፍጥነት ሲይዝ ደግሞ በዴልታ የሚገናኙበት ዘዴ) ሞተሩ ሲነሳ ከመስመሩ የሚስበውን ከረንት ወደ 1/3 እንደሚቀንስ በክፍል አስልቼ ፈተና ያለፍኩበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ «የዴልታው ኮንታክተር የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ለይቼ ማሳየት አቃተኝ። እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ኃላፊው «ተማሪ ቢጎዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ 380 ቮልት የሚደፈር ነገር አይደለም። ሆኖም ማብሪያው ተቆልፎ ኃይል መቋረጡ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ቢያንስ ሽቦ መፍታትና መግጠም እንዲፈቅዱልኝ በምን አኳኋን ልጠይቃቸው? አማካሪ መምህሬ ደብዳቤ ቢጽፉልኝስ ይረዳል ወይስ ያስቀይማል?

በአዳማ ዙሪያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ባላቸው ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ልምምድ የሠራችሁ ካላችሁ፣ በልምምድ አጋማሽ ተዛውሮ የሚመጣ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።